የፕላዝማው ትምህርትና የማስተማሪያ ጥራዙ፦ በኢትዮጵያ የጤና ትምህርት ውስጥ የምስልና የጽሑፍ ታሪክ

መግቢያ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ይሁንና የዛሬው የጤና ባለሙያ ከዚህ ብሂል ጋር የሚጋጭ የትምህርት ኑሮ ይኖራል። አዲስ የሕክምና መመሪያ ሲወጣ፣ የአንድ በሽታ አያያዝ ሲሻሻል፣ ወይም ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚጠየቀውን ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ለማሟላት ሲነሣ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት በተንቀሳቃሽ ምስል የተቀረጸ ገለጻ ነው። አንዳንዱ ባለሙያ ይህንን ይመርጣል። ሌላው ደግሞ የአንድ ሰዓት ገለጻ ከመከታተል ይልቅ የተነገረው ቃል በጽሑፍ ቢሰጠው እንደሚመርጥ ይናገራል።

ጥያቄው የግል ምርጫ ወይም የቴክኖሎጂ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን አገራችን ሁለቱንም መንገዶች፣ በአገር አቀፍ ደረጃ፣ በአንድ ዘመን ሞክራቸዋለች። በአንድ በኩል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው፣ አለ። በሌላ በኩል ለጤና ሳይንስ ተማሪዎች በኢትዮጵያውያን መምህራን የተጻፉት የማስተማሪያ ጥራዞች አሉ። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን ታሪክ በተለይ ከሐዋሳ አንጻር በመቃኘት፣ ትምህርቱን የሠመረ ወይም ያልሠመረ ያደረገው ዋና ነገር የትምህርቱ ፍጥነት በማን እጅ መሆኑ እንደነበር ለማሳየት ይሞክራል።

ቃልና ንባብ በቀድሞው ትምህርት ቤት

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ቤተ ክህነት ትምህርት መመለስ ይጠቅማል። በዚህ ሥርዓት ሕፃኑ ፊደል ከለየ በኋላ ቀን በቀን ብርሃን ንባብ ያጠናል፤ ሲመሽ ደግሞ መጽሐፍ ሳይገለጥ ጸሎቱንና ምስጋናውን በቃሉ ይማራል። ይህም «የቃል ትምህርት» ይባላል። ሁለቱ የትምህርት ዓይነቶች ጎን ለጎን የሚሄዱ እንጂ አንዱ ሌላውን የሚተካ አልነበሩም።

በዜማ ቤትም ተመሳሳይ ነገር እናያለን። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከመምህሩ አፍ በመስማት ይማሩታል። ነገር ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደሠሩ በትውፊት ይነገራል። ምልክቱ ዜማውን ለማያውቅ ሰው ብዙም አይናገርም፤ ለሰማው ግን የሰማውን ይመልስለታል። የድጓ ተማሪዎችም መጽሐፉን በገዛ እጃቸው የሚገለብጡበት ልማድ ነበር። የመጻሕፍት ትርጓሜውም እንዲሁ ለዘመናት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲተላለፍ ቆይቶ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአንድምታ መጻሕፍት ለኅትመት በቅተዋል።

ከዚህ የምንወስደው ቁም ነገር አለ። በዚህ ሥርዓት ተማሪው ያልገባውን ቃል መምህሩን አስደግሞ ይሰማል፤ መምህሩም የተማሪውን ስሕተት ሰምቶ እስኪቃና ድረስ ያስደግመዋል። አንዱ ተማሪ በሁለት ዓመት የሚጨርሰውን ሌላው በአራት ዓመት ቢጨርስ ነውር አልነበረም። ስለዚህ ትምህርቱ በቃል ቢሆንም፣ ፍጥነቱ የሚለካው በተማሪው ነበር።

ከጎንደር እስከ ሐዋሳ፦ ኖት የሚጻፍበት ክፍል

ዘመናዊው የጤና ትምህርት ሲስፋፋ መልኩ ተለወጠ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በአካባቢው ከባድ የወባ ወረርሽኝ ከደረሰ ብዙ ጊዜ አልሆነውም ነበር። ኮሌጁ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እገዛ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት ማሠልጠን ጀመረ። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ በ1957 ዓ.ም. ተቋቋመ። የጎንደርና የጅማ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ደግሞ በደርግ ዘመን ተከተሉ።

በእነዚህ ሁሉ ተቋማት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ የማጣቀሻ መጻሕፍቱም ከውጭ የመጡ ነበሩ። መጻሕፍቱ ውድ ከመሆናቸው በላይ የተጻፉት ለሌላ አገር በሽታ፣ ለሌላ አገር ላቦራቶሪና ለሌላ አገር የመድኃኒት አቅርቦት ነበር። በዚህም ምክንያት የኢትዮጵያ የጤና ተማሪ እውነተኛው መጽሐፍ ደብተሩ ነበር። መምህሩ ይናገራል ወይም በሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው «ኖት» ይይዛል። ጥሩ ኖት የያዘ ተማሪ ደብተር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ፎቶኮፒ ማድረጊያ ከተስፋፋ በኋላም ይባዛል፤ ከላይኛው ዓመት ወደ ታችኛው ይወረሳል። በዛሬ ቋንቋ ስንናገረው፣ ተማሪው የቃል ገለጻውን ራሱ ወደ ጽሑፍ ይገለብጠው ነበር ማለት ነው። ችግሩ ግልባጩ የጸሐፊውን ስሕተት ይዞ መጓዙ ነው። አንድ ተማሪ በችኮላ ያጣመመው የመድኃኒት መጠን ለሦስትና ለአራት ተከታታይ ክፍሎች ሊተላለፍ ይችል ነበር።

በደቡብ የአገሪቱ ክፍል የነበረው ሁኔታም ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ፣ እንዲሁም የዲላ መምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። በሐዋሳ የሕክምና ትምህርት በ1996 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሪፈራል ሆስፒታሉም በ1998 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲው የሐዋሳን ስም ያዘ። አዲሱ የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን መቀበል የጀመረው እንግዲህ አገሪቱ በምስልም በጽሑፍም የማስተማር ታላላቅ ሙከራዎችን ባካሄደችባቸው ዓመታት ነው።

ፕላዝማ፦ የማይቆም መምህር

በአገራችን በቴሌቪዥን ማስተማር አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀምሮ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተዘረጋው ግን በስፋቱ ተወዳዳሪ አልነበረውም። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂ፣ የእንግሊዝኛና የሥነ ዜጋ ትምህርቶች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅተው፣ ከአዲስ አበባ በሳተላይት እየተላለፉ በመላ አገሪቱ ባሉ ክፍሎች በተተከሉ ጠፍጣፋ ስክሪኖች ይታዩ ጀመር።

የመርሐ ግብሩ ዓላማ የሚናቅ አልነበረም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በፍጥነት ሲስፋፋ በቂ መምህርና ቤተ ሙከራ አልነበረም። በፕላዝማው አማካይነት በገጠር ከተማ ያለ ተማሪ፣ ትምህርት ቤቱ ሊያሳየው የማይችለውን የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ አየ። ሕዋስ ሲከፈል፣ ልብ ደም ሲረጭ፣ ነርቭ መልእክት ሲያስተላልፍ በሥዕል ተንቀሳቅሶ ታየው። ይህ በሰሌዳና በጠመኔ የሚገኝ አልነበረም።

ነገር ግን ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ሆኖ ሳለ ሠላሳ ያህሉን ደቂቃ የሚይዘው ስርጭቱ ነበር። ለክፍሉ መምህር ከስርጭቱ በፊት ለማስተዋወቂያ፣ ከስርጭቱም በኋላ ለማጠቃለያ የሚተርፉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ። ስርጭቱ በሺዎች ለሚቆጠሩ ክፍሎች በአንድ ጊዜ የሚተላለፍ በመሆኑ ለአንድ ክፍል ሲባል አይቆምም፤ ወደ ኋላም አይመለስም። አቅራቢዋ ጥያቄ ጠይቃ ለጥቂት ሰከንዶች ትጠብቅና መልሱን ራሷ ትናገራለች። በሌላ ቋንቋ አፉን የፈታ ተማሪ፣ ባልለመደው የአነጋገር ቅላጼ የቀረበለትን እንግሊዝኛ አስቦ ተርጉሞ ሳይጨርስ፣ ሥዕሉ ወደ ሌላ ርዕስ ይሸጋገራል። መብራት በጠፋበት ቀን ደግሞ ትምህርቱ ራሱ አልፎ ይሄዳል።

በወቅቱ በትምህርት ባለሙያዎች የተጻፉ ጥናቶች ደጋግመው ያነሷቸው ቅሬታዎች እነዚሁ ነበሩ፤ ፍጥነቱ፣ ቅላጼው፣ ኖት ለመያዝ ጊዜ ማጣቱና የመምህሩ ሚና መኮሰሱ። ልብ ማለት የሚገባው ከእነዚህ ቅሬታዎች አብዛኞቹ ምስል መጥፎ የማስተማሪያ መንገድ ነው የሚሉ አለመሆናቸው ነው። የተነገረው ቃል በጽሑፍ በተማሪው እጅ ቢገባ ኖሮ፣ ወይም መምህሩ ስርጭቱን ለአፍታ ማቆም ቢችል ኖሮ፣ ከቅሬታዎቹ ብዙዎቹ መልስ ያገኙ ነበር።

የማስተማሪያ ጥራዞቹ

ከፕላዝማው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ በጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና በቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር መካከል ከተደረገ ውይይት በኋላ፣ በካርተር ማዕከል ድጋፍ የኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ሥልጠና መርሐ ግብር ተጀመረ። ዓላማው በየወረዳው ለሚስፋፉት ጤና ጣቢያዎች የሚመደቡትን የጤና መኮንኖች፣ ነርሶች፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ማጠናከር ነበር። ጎንደር፣ ጅማ፣ ዓለማያና ዲላ ከመርሐ ግብሩ ተሳታፊዎች መካከል ነበሩ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጎንደሩ ኮሌጅ ዲን የነበሩት ዶክተር ዴኒስ ካርልሰን በአማካሪነት መሳተፋቸው፣ አዲሱን ሥራ ከጎንደሩ የቡድን ሥልጠና ልምድ ጋር አገናኝቶታል።

መርሐ ግብሩ ከሠራቸው ሥራዎች ለረጅም ዘመን የቆየው የማስተማሪያ ጽሑፍ ዝግጅት ነው። ከየዩኒቨርሲቲው የተውጣጡ ኢትዮጵያውያን መምህራን ተሰባስበው፣ አገር ውስጥ ያለውን በሽታና አቅም መሠረት ያደረጉ ሞጁሎችንና የሌክቸር ኖቶችን ጻፉ። ከ200 በላይ የሆኑ ጽሑፎች ተዘጋጅተው በነፃ ተሠራጭተዋል። መርሐ ግብሩም እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ተላልፏል።

የሞጁሎቹ አሠራር ለርዕሳችን ትልቅ ትርጉም አለው። እያንዳንዱ ሞጁል፣ ለምሳሌ ስለ ተቅማጥ በሽታዎች ወይም ስለ ወባ የሚናገረው፣ ለጤና ጣቢያው ቡድን አባላት ሁሉ የሚሆን አንድ ዋና ክፍልና ለየሙያው የተለየ ተጨማሪ ክፍል አለው። መጀመሪያ ላይ ተማሪው የሚያውቀውን የሚለካበት ቅድመ ፈተና ይቀመጣል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያንኑ መልሶ የሚለካ ፈተና ከነመልሱ ይገኛል። አንባቢው የወደቀበትን ጥያቄ አይቶ ወደ ገጹ ይመለሳል። በወረዳ ጤና ጣቢያ ብቻዋን የምትሠራ ነርስ፣ ከሥራ በኋላ ማታ በራሷ ፍጥነት ልታነበው ትችላለች። መብራት ቢጠፋ በሻማ ይነበባል።

ተመሳሳይ መንገድ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ተከትሏል። በ1995 እና 1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴት ሠራተኞችን በየቀበሌው ካሰማራ በኋላ፣ ደረጃቸውን ለማሳደግ በርቀት ትምህርት የሚሰጡ 13 ሞጁሎች እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘጋጁ። ሥራው በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ በእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ በአምሬፍና በዩኒሴፍ ትብብር የተከናወነ ሲሆን፣ በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ተጽፏል። ጽሑፉ በአጫጭር የጥናት ክፍሎች ተከፋፍሎ፣ በየመሐሉ አንባቢዋን እያስቆመ የሚጠይቅ ሆኖ ተሰናድቷል። በእጅ የሚሠራውን ክህሎት ግን ጽሑፉ ብቻውን እንደማያስተምር ስለታወቀ፣ ከተግባር ሥልጠና ጋር ተጣምሮ ነበር የቀረበው።

ጥራዞቹ እንከን አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። የሕክምና መመሪያ በተለወጠ ቁጥር የታተመው ጽሑፍ ያረጃል። የሚተነፍስ ሕፃን ደረት እንዴት እንደሚሰረጉድ፣ ወይም የልብ ድምፅ እንዴት እንደሚለይ፣ በቃላት ተገልጾ የሚያልቅ አይደለም። ጽሑፍ የራሱ ወሰን አለው።

ሁለቱ በአንድ ትውልድ ላይ

በ1997 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል የነበረ ተማሪ፣ ትምህርቱ ሳይስተጓጎል ከቀጠለ፣ በ2001 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። በመሆኑም ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ የምንገኝ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የጤና መኮንኖች አራት ዓመት በፕላዝማ ፊት ተቀምጠን፣ ከዚያም ወደ ሌክቸር ኖቱና ወደ ሃንድአውቱ የተሻገርን ነን። በሐዋሳም ይኸው ሆነ። በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ባሉ የፎቶኮፒ ቤቶች የሌክቸር ኖት ጥራዝ እንደ ዳቦ ይሸጥ ነበር። የተማሪ ቁጥር በየዓመቱ ሲጨምር አንድ ጥራዝ ለብዙዎች ይደርሳል፤ አንድ መምህር ግን ለብዙዎች ሊደርስ አልቻለም።

ብዙም ሳይቆይ ምስሉ በሌላ በር ተመልሶ ገባ። የካፕላንና የዶክተር ናጂብ ገለጻዎች በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ከተማሪ ወደ ተማሪ መተላለፍ ጀመሩ። ከፕላዝማው ጋር ተጣልቶ የወጣው ትውልድ እነዚህን ገለጻዎች ወደዳቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ይቆማሉ፣ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ይደገማሉ። ያልገባው ተማሪ ኩላሊት ጨውንና ውኃን እንዴት እንደሚቆጣጠር የሚናገረውን ክፍል አራት ጊዜ ሊያየው ይችላል። በሌላ በኩል፣ ፈተና ሲደርስ ሁሉም ወደ ጽሑፉ ይመለስ ነበር። በሦስት ሰዓት ምስል ውስጥ አንዲት የላቦራቶሪ ቁጥር ለማግኘት የሚደረገው ፍለጋ አድካሚ ነውና።

ተቋማቱም በዚያው ሰሞን ወደ ኤሌክትሮኒክስ መማሪያ ፊታቸውን መልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የተጀመረው የሕክምና ትምህርት አጋርነት መርሐ ግብር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ሲካሄድ፣ ሐረማያና ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች ከአጋሮቹ መካከል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ይዘው 13 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ከዚያ በፊትም የሕንድ መንግሥት የጀመረው የአፍሪካ የቴሌ ትምህርትና የቴሌ ሕክምና መረብ የመጀመሪያ ሙከራውን በኢትዮጵያ አካሂዶ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ከሕንድ ሐኪሞች ጋር በምስል አገናኝቶ ነበር።

ተመራማሪዎች የደረሱበት

የእኛ ተሞክሮ በሥነ ልቡና ጥናት ከተደረሰበት ጋር ይስማማል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የተማርነው ነገር ካልተደገመ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በብዛት እንደሚጠፋ አሳይቷል። አውስትራሊያዊው ጆን ስዌለርና ባልደረቦቹ ደግሞ የሰው የቅርብ ጊዜ ማስታወሻ ጠባብ መሆኑን መነሻ አድርገው፣ አላፊ የሆነ መረጃ፣ ማለትም እንደተነገረ የሚጠፋ ንግግርና ምስል፣ ረጅምና ውስብስብ ሲሆን ማስታወሻውን እንደሚያጨናንቅ ገልጸዋል። ጽሑፍ ግን ከፊታችን ስለሚቆይ ያለፈውን በአእምሮ ተሸክመን እንድንጓዝ አያስገድደንም።

ሪቻርድ ሜየርና ፖል ቻንድለር እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ሙከራ በተለይ ለእኛ ትምህርት ሰጪ ነው። ተማሪዎች መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር የሚያስረዳ፣ 140 ሰከንድ የሚፈጅ ባለ ድምፅ ሥዕላዊ ገለጻ ቀረበላቸው። ለአንዳንዶቹ ሳይቋረጥ ታየ፤ ለሌሎቹ በአጫጭር ክፍሎች ተቆራርጦ፣ ተማሪው ቁልፍ ሲጫን ብቻ እንዲቀጥል ተደረገ። ፍጥነቱን በእጃቸው የያዙት ተማሪዎች ያወቁትን በአዲስ ችግር ላይ በመጠቀም የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ምስሉም ድምፁም አንድ ነበር፤ የተለወጠው ማቆሚያው ነው። በዚህ ረገድ ፕላዝማው የጎደለው ነገር አንዲት ቁልፍ ነበረች ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የጊዜ ነው። አንድ ተናጋሪ በደቂቃ 150 ያህል ቃል ቢናገር፣ የአንድ ሰዓት ገለጻ ወደ 9,000 ቃል ይሆናል። ማርክ ብሪስባርት እ.ኤ.አ. በ2019 ቀደምት ጥናቶችን አጠቃልሎ፣ እንግሊዝኛ የሚያነቡ አዋቂዎች በዝምታ ሲያነቡ በአማካይ በደቂቃ 238 ቃል እንደሚያነቡ አስልቷል። በዚህ ስሌት ያው ገለጻ በጽሑፍ በ38 ደቂቃ ገደማ ይነበባል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው የሆነ አንባቢ ቀስ ሊል ይችላል፤ ዳሩ ግን ቀስ የሚለው በሚያስቸግረው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ የሚያውቀውን አልፎ ይሄዳል።

ሦስተኛው የፈተና ነገር ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ያነበቡትን ደግመው ከሚያነቡ ይልቅ ራሳቸውን የሚፈትኑ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ ያስታውሳሉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ግን ደግመው ያነበቡት ይበልጡ ነበር። ስለዚህ ገለጻ ተመልክቶ «ገብቶኛል» ማለት ብዙ አያስተማምንም። የእኛዎቹ የሞጁል ጸሐፊዎች ቅድመና ድኅረ ፈተናን በጥራዞቻቸው ውስጥ ማስገባታቸው በዚህ ረገድ የሚያስመሰግን ነው።

የምዕራብ ወለጋው ሙከራ

ምስል በትክክለኛ መንገድ ሲቀርብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከአገራችን የተገኘ ማስረጃ አለ። የዴንማርኩ ማተርኒቲ ፋውንዴሽን ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ለአዋላጆች ያዘጋጀው የስልክ መተግበሪያ፣ በምዕራብ ወለጋ በ73 የጤና ተቋማት ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። መተግበሪያው ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስን፣ ተወልዶ ያልተነፈሰ ሕፃንን መርዳትንና የመሳሰሉትን በአጫጭር ሥዕላዊ ምስሎች ያሳያል። ከምስሎቹ ጎን የድርጊት ቅደም ተከተልና የመድኃኒት ዝርዝር በጽሑፍ ተቀምጠዋል።

መተግበሪያውን ያገኙት ባለሙያዎች ክህሎትም ዕውቀትም ከ6 ወርና ከ12 ወር በኋላ ካላገኙት በልጦ ተገኝቷል። በወሊድ አካባቢ የሚደርሰው የሕፃናት ሞት ከ1,000 ወሊድ 14 ሲሆን፣ በንጽጽሩ ቡድን 23 ነበር፤ ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ አስተማማኝ ደረጃ አልደረሰም። ስለ ሞት ቅነሳው ከዚህ በላይ መናገር አይገባም። ስለ ክህሎቱ ግን ማስረጃው ጠንካራ ነው። ምስሉ አጭር ነው፤ በባለሙያዋ እጅ ይቆማል፤ ይደገማል፤ ጽሑፍም አብሮት አለ። ፕላዝማውና ጥራዙ ለየብቻቸው የነበራቸው ጥቅም እዚህ በአንድ ቦታ ተገናኝቷል።

የሁለቱን ድርሻ በአንድ ምሳሌ እንመልከት። የእንግዴ ልጅ ተይዞባት ደም የሚፈስሳትን እናት ለመርዳት እጅ እንዴት እንደሚገባና ሌላው እጅ ማሕፀኑን ከላይ እንዴት እንደሚደግፍ አንድ ገጽ ጽሑፍ ከሚናገረው የሁለት ደቂቃ ምስል ይልቃል። ለኤክላምፕሲያ የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት ግን ሌላ ነው። በተለመደው አሰጣጥ መጀመሪያ 4 ግራም በደም ሥር፣ ቀጥሎም በእያንዳንዱ መቀመጫ ጡንቻ 5 ግራም ይሰጣል፤ ከዚያ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም ከመሰጠቱ በፊት የትንፋሽ ብዛት፣ የጉልበት ምላሽና የሽንት መጠን ይታያል። ይህንን ሌሊት ላይ እናቲቱ እየተንቀጠቀጠች በምስል ውስጥ የሚፈልግ አዋላጅ ውድ ደቂቃዎችን ያባክናል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወይም በኪስ የሚገኝ ጽሑፍ በአንድ ዕይታ ይነበባል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን ከተገኘ በኋላ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። በሕመሙ አያያዝ ላይ የሚሰጡ ሥልጠናዎችም በአብዛኛው ወደ ቀጥታ የምስል ስብሰባ ዞሩ። በዚያ አስቸኳይ ወቅት ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ሆኖም አስቸኳዩ ጊዜ ካለፈ በኋላም ልማዱ ቀርቷል። ዛሬ ብዙ ገለጻዎች ተቀርጸው በቴሌግራም ይለቀቃሉ፤ የተነገረው በጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ አይከተላቸውም። በወረዳ ያለ ባለሙያ የስልክ ካርዱን ከፍሎ፣ ሲቆራረጥ የሚውለውን ኔትወርክ ታግሶ የአንድ ሰዓት ምስል ያወርዳል። የዚያው ገለጻ ጽሑፍ ቢሆን ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ መጠን ነበረው። ፕላዝማው ከሳተላይት እየወረደ ያለ ጽሑፍ ያልፍ እንደነበረ ሁሉ፣ የዛሬውም ገለጻ ያለ ጽሑፍ እንዳያልፍ ያሰጋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ በመነሣት ለማኅበራችን፣ ለሥልጠና ሰጪ ተቋማትና ለመምህራን የሚከተሉትን ማሳሰብ ይቻላል። አንደኛ፣ የምስል ገለጻ ለተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሲቀርብ የተነገረው ቃል በጽሑፍ፣ ቢቻል በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች ከተዘጋጀ ማጠቃለያ ጋር፣ አብሮ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ረጅም ገለጻ በርዕስ ተከፋፍሎ በአጫጭር ክፍሎች ይቅረብ። ሦስተኛ፣ በእጅ ለሚሠራ ተግባር ምስል፣ ለመድኃኒት መጠንና ለአያያዝ ቅደም ተከተል ጽሑፍ ቀዳሚ ይሁን። አራተኛ፣ በሁለቱም መንገድ ሲቀርብ ተማሪው ራሱን የሚፈትንበት ጥያቄ ከነመልሱ አይለየው። አምስተኛ፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2010 የተጻፉት ጥራዞች የአገር ሀብት በመሆናቸው፣ መመሪያዎች በተለወጡባቸው ቦታዎች ታርመው እንደገና እንዲወጡ ዩኒቨርሲቲዎች ኃላፊነቱን ቢወስዱ መልካም ነው።

እነዚህ ሥራዎች ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። የሚጠይቁት የገለጻው አዘጋጅ፣ ከካሜራው ፊት ከመቀመጡ በፊት፣ በሩቅ ጤና ጣቢያ ሌሊት ተረኛ የሆነችውን ባለሙያ እንዲያስባትና የተናገረውን ቃል በእጇ እንዲያደርስላት ነው።